የደስታ ሳይንስና «ተመስገን» የሚል ሕመምተኛ፦ በአዎንታዊ ሥነ ልቦና መነሻ ሐሳቦች ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

በኢትዮጵያ የተመላላሽ ሕክምና ክፍሎች በየማለዳው የሚደጋገም አንድ ንግግር አለ። ባለሙያው «እንዴት አደሩ እናቴ?» ሲል ይጠይቃል፤ ሕመምተኛዋም «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይመልሳሉ። ቀጥሎ «ታዲያ ምን ሆነው መጡ?» ሲባሉ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳቸውን ቁርጠትና ለሳምንታት ያልለቀቃቸውን ትኩሳት መዘርዘር ይጀምራሉ። ልምድ ያለው የጤና ባለሙያ የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ሰምቶ በካርዱ ላይ «ደኅና ናቸው» ብሎ አይጽፍም። «ተመስገን» የምስጋና ቃል እንጂ የምርመራ ውጤት አለመሆኑን ያውቃልና።

ሰው ስለ ራሱ በሚናገረውና በእውነት ባለበት ሁኔታ መካከል ያለችው ይህች ርቀት፣ ከሃያ አምስት ዓመታት በላይ በዓለም ዙሪያ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘውን «አዎንታዊ ሥነ ልቦና» የተባለውን የጥናት ዘርፍ ለመመርመር ጥሩ መነሻ ናት። ዘርፉ በትምህርት ቤቶች፣ በመሥሪያ ቤቶች፣ በጦር ሠራዊትና በሆስፒታሎች ሥር ሰድዷል። በሕሙማን መካከልም «በጎ በጎውን ካሰብህ ትድናለህ» በሚል መልክ ሲነገር ይሰማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዘርፉን ማጣጣል ሳይሆን የቆመባቸውን መነሻ ሐሳቦች አንድ በአንድ አውጥቶ መመዘን ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘርፉ አነሳስና መልካም ገጽታው

የዘርፉ መሥራች ተደርገው የሚታዩት የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርቲን ሴሊግማን ናቸው። ስማቸው አስቀድሞ የታወቀው ከስቲቨን ማየር ጋር በ1967 ባሳተሙት የውሾች ሙከራ ነበር። ሊያመልጡት በማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የተሠቃዩ ውሾች፣ በኋላ ማምለጫ መንገድ ቢከፈትላቸውም ብዙዎቹ ሳይሞክሩ ባሉበት ይተኙ ነበር። ይህም የሰውን የድብርት ሕመም ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ሲጠቀስ ቆይቷል።

ሴሊግማን በ1998 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ሥነ ልቦና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ትኩረቱን በበሽታና በጉድለት ላይ ብቻ በማድረጉ መልካሙን የሕይወት ገጽታ ዘንግቷል ሲሉ ተናገሩ። በ2000 ከሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ጋር በመሆን በማኅበሩ መጽሔት ልዩ እትም ላይ የአዲሱን ዘርፍ መሠረት አስቀመጡ። በ2002 ስለ እውነተኛ ደስታ የሚያትተውን መጽሐፋቸውን ለሕዝብ አቀረቡ። በ2004 ከክሪስቶፈር ፒተርሰን ጋር 24 የጠባይ ጥንካሬዎችን በ6 ሠናይ ምግባራት ሥር የመደበ ጥራዝ አሳተሙ። በ2011 ደግሞ ደስታ የሚለው ቃል ከስሜት ጋር ከመጠን በላይ መያያዙን ራሳቸው በመቀበል፣ የሰው ልጅ ልምላሜ በአምስት ነገሮች ይገለጻል አሉ፤ እነርሱም በጎ ስሜት፣ በሥራ መመሰጥ፣ ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት፣ የሕይወት ትርጉምና ክንውን ናቸው።

የዘርፉ መነሻ ቅሬታ እውነትነት ያለው መሆኑ አይካድም። የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ ሰነድ በ1948 ሥራ ላይ ሲውል፣ ጤና ማለት የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ሕይወት የተሟላ ደኅንነት መሆኑን ደንግጎ ነበር። ስለዚህ ሕመምተኛ የቁስል ማከማቻ ሳይሆን ምኞት፣ ወዳጅና ተስፋ ያለው ሙሉ ሰው መሆኑን ማስታወስ ለሕክምና ባዕድ ሐሳብ አይደለም። ጥያቄ የሚነሣው ይህን ቅን ሐሳብ ተከትለው ሳይመረመሩ በገቡት ግምቶች ላይ ነው።

የመጀመሪያው ግምት፦ ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ቃል ደኅንነቱን ይለካል

የአዎንታዊ ሥነ ልቦና ጥናቶች አብዛኛውን ማስረጃቸውን የሚያገኙት ሰዎች መጠይቅ ላይ ከሚያሰፍሩት ምላሽ ነው። «በሕይወትህ ምን ያህል ረክተሃል?» ለሚለው ጥያቄ በቁጥር የተሰጠው መልስ ይደመራል፤ ይነጻጸራል፤ ከዚያም ደስታ ተለካ ይባላል።

የኢኮኖሚክስና የፍልስፍና ሊቁ አማርትያ ሴን በዚህ ግምት ላይ ያነሡት ተቃውሞ ለጤና ባለሙያ ልዩ ትርጉም አለው። ሴን ደጋግመው የሚጠቅሱት ምሳሌ በ1944፣ ማለትም ከታላቁ የቤንጋል ረኃብ በማግስቱ፣ በካልካታ አቅራቢያ በሲንጉር የተካሄደ የጤና ጥናት ነው። ጥናቱ ሚስቶቻቸው የሞቱባቸውን ወንዶችና ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች ስለ ጤንነታቸው ጠይቆ ነበር። ከወንዶቹ መካከል 48.5 በመቶ የሚሆኑት ታማሚ ነን ወይም ጤናችን እምብዛም ነው ሲሉ፣ ከሴቶቹ መካከል ግን እንዲህ ያሉት 2.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ዘመንና ቦታ የመበለቶች ኑሮ ከወንዶቹ የተሻለ ነበር ብሎ የሚከራከር አይኖርም። ልዩነቱን የፈጠረው ጤንነት ሳይሆን የመጠበቅ ልማድ ነው። ለራሷ ምንም እንዳትመኝ ሆና ያደገች ሴት፣ ሕመሟን እንደ ሕመም መቁጠር ትተዋለች። ሰው ከማይለወጥ ጭቆና ጋር ለመኖር ሲል ፍላጎቱን ያሳንሳል፤ ባነሰው ፍላጎቱ መጠን ደግሞ ረክቻለሁ ይላል።

እንግዲህ በመጠይቁ ላይ ከፍተኛ ቁጥር የሞላው ሰው የተመቸው ነው ወይስ ተስፋ መቁረጥን የለመደ? ቁጥሩ ራሱ ይህን አይነግረንም። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሴሊግማን በውሾቹ ላይ ያዩትና ትግልን ትቶ በዝምታ መተኛት ብለው የገለጹት ሁኔታ፣ መጠይቅ ሊሞላ ቢችል ኖሮ ምናልባት «እርካታ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችል ነበር።

ሁለተኛው ግምት፦ የደስታ ቁልፍ በግለሰቡ እጅ ነው

በ2005 ሶንያ ሊዩቦሚርስኪ፣ ኬነን ሼልደንና ዴቪድ ሽኬድ ባወጡት ጽሑፍ፣ በሰዎች ደስታ መካከል ከሚታየው ልዩነት 50 በመቶው ከዘር ውርስ፣ 10 በመቶው ከኑሮ ሁኔታ፣ ቀሪው 40 በመቶ ደግሞ ሰው ሆን ብሎ ከሚያደርጋቸው ተግባራት የሚመጣ እንደሆነ ገመቱ። ይህ ግምት በክብ ሥዕል ተከፋፍሎ በሕዝብ መጻሕፍትና በሥልጠና አዳራሾች ሲሠራጭ፣ «የኑሮህ ሁኔታ ከደስታህ አንድ አሥረኛውን ብቻ ይወስናል፤ የቀረው ባንተ እጅ ነው» ወደሚል ስብከት ተለወጠ።

ስሕተቱ ኤፒዴሚዮሎጂ ለተማረ ሰው ግልጽ ነው። በአንድ ሕዝብ ውስጥ ያለው ልዩነት የተከፋፈለበት መጠን በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ያሉት ምክንያቶች ድርሻ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄፍሪ ሮዝ በ1985 ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ ይህን በሲጋራ ምሳሌ አስረድተዋል። ሁሉም ሰው በቀን 20 ሲጋራ የሚያጨስ ቢሆን ኖሮ፣ የሳንባ ካንሰር በዘር የሚተላለፍ በሽታ መስሎ ይታይ ነበር፤ ምክንያቱም ሲጋራው ለሁሉም እኩል ስለደረሰ በታመሙትና ባልታመሙት መካከል ያለውን ልዩነት አያስረዳም። በተመሳሳይም ነዋሪዎቿ በሙሉ ከአንድ የተበከለ ምንጭ በሚጠጡባት መንደር ውስጥ፣ ማን በተቅማጥ እንደሚያዝ የሚለየው የየሰዉ አካል አቅምና እጅ የመታጠብ ልማዱ ሊሆን ይችላል፤ የውኃው «ድርሻ» ደግሞ ዜሮ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ ተነሥቶ ምንጩን ማጎልበት አያስፈልግም የሚል የጤና ባለሙያ ግን አይገኝም።

ኒኮላስ ብራውንና ጁሊያ ሮረር በ2019 ይህንኑ ግምት በዝርዝር ተችተዋል። አዘጋጆቹም በኋላ የ40 በመቶው ግምት የተጋነነ ሊሆን እንደሚችል ተቀብለዋል። ሆኖም እርማቱ እንደ ስሕተቱ በሰፊው አልተሰማም። የስሕተቱ ዋጋ ከስታቲስቲክስ ያልፋል። የኑሮ ሁኔታ እዚህ ግባ የማይባል ነው ከተባለ፣ ድህነትና ሥራ አጥነት፣ የቤት ውስጥ ጥቃትና ስደት ከሥነ ልቦና ጉዳይነት ይወጣሉ፤ የቀረው ጥያቄ ሰውየው በቂ ጥረት አድርጓል ወይስ አላደረገም የሚለው ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው ግምት፦ በጎ ስሜት ሥጋን ይፈውሳል

በጎ አስተሳሰብ ከባድ በሽታን ያሸንፋል የሚለውን እምነት አዎንታዊ ሥነ ልቦና ብቻውን አልፈጠረውም፤ ከእርሱ በፊትም በአሜሪካ ሥር የሰደደ እምነት ነበር። ዘርፉ ግን የሳይንስ ካባ ደርቦለታል። ነገሩ በጥሞና መታየት ያለበት ሕመምተኛውን በቀጥታ ስለሚነካ ነው።

ዴቪድ ስፒግልና ባልደረቦቻቸው በ1989 ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሰራጨ የጡት ካንሰር በያዛቸው 86 ሴቶች ላይ ያካሄዱትን ጥናት አሳተሙ። በየሳምንቱ በቡድን ተሰብስበው ድጋፍ ያገኙት ሴቶች በአማካይ 36.6 ወራት ሲኖሩ፣ ያላገኙት 18.9 ወራት ኖረዋል የሚለው ውጤት ከፍተኛ ተስፋ ፈጠረ። ይሁን እንጂ በፓሜላ ጉድዊን የተመራውና በ2001 የወጣው፣ 235 ሴቶችን ያካተተ ጥናት ይህን አላረጋገጠም። ድጋፉ በተለይ የተጨነቁትን ሴቶች መንፈስ አሻሽሏል፤ የሕመም ስሜታቸውንም ቀንሷል፤ ዕድሜያቸውን ግን አላራዘመም። ስፒግል ራሳቸውም በ2007 ባሳተሙት ድጋሚ ጥናት በጥቅሉ የዕድሜ መርዘም አላገኙም። በዚያው ዓመት ጀምስ ኮይንና ባልደረቦቻቸው የራስና የአንገት ካንሰር በያዛቸው 1,093 ሕሙማን ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የሕሙማኑ የስሜት ደኅንነት ምን ያህል እንደሚኖሩ የሚያመለክተው ነገር እንዳልነበረ ደመደሙ።

ከእነዚህ ጥናቶች ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ሕመምተኛን ማጽናናትና መደገፍ በራሱ ዋጋ ያለው ሕክምና ነው፤ ተገቢነቱን ለማስረዳት ዕድሜ ያራዝማል ተብሎ መነገር አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ ደስተኛ የሆነ ይድናል የሚለው ተስፋ በጀርባው ስውር ፍርድ ይዟል፤ ያልዳነው በቂ ደስታ ስላልነበረው ነው ማለት ነውና። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ባርባራ ኤረንራይክ የጡት ካንሰር ይዟቸው ሲታከሙ ያዩትን በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ የተቃወሙት ይህንኑ ነበር። ሕመምተኛዋ ከዕጢው ሌላ የፈገግታ ግዴታም ይጫንባታል። ፍርሃቷን ብትናገር በሽታዋን የምታባብስ፣ ብታለቅስ የምትሸነፍ ይመስላታል። ባለሙያው «አይዞሽ፣ በርቺ» በሚልበት ጊዜ አሳቢነቱን ይገልጻል፤ «ካልበረታሽ አትድኚም» ሲል ግን በማስረጃ ያልተደገፈ ፍርድ እየሰጠ ነው።

አራተኛው ግምት፦ ሳይንሱ ይገልጻል እንጂ አያዝዝም

የዘርፉ ሊቃውንት ሥራቸው መልካም ሕይወት ምን እንደሆነ መግለጽ እንጂ ለሰዎች ማዘዝ አለመሆኑን ይናገራሉ። ይሁንና ዴቪድ ሂውም በ18ኛው ምዕተ ዓመት እንዳስገነዘበው፣ ካለው ነገር ተነሥቶ ሊሆን ወደሚገባው ነገር መሻገር ራሱን የቻለ ማስረጃ ይፈልጋል። «በጎ ስሜት ያላቸው ሰዎች በሥራቸው ይሳካላቸዋል» የሚለው መግለጫ ነው። «ስለዚህ በጎ ስሜትን አዳብር» የሚለው ግን ትእዛዝ ነው፤ ስኬት ምን እንደሆነና ለምን እንደሚፈለግ አስቀድሞ ወስኗል።

ትእዛዙ የቁጥር ልብስ ሲለብስ ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። ባርባራ ፍሬድሪክሰንና ማርሻል ሎሳዳ በ2005 በጎና ክፉ ስሜቶች 2.9013 ለ1 በሆነ ንጽጽር ላይ ሲደርሱ የሰው ልጅ ልምላሜ ይጀምራል የሚል ቀመር አሳተሙ። እስከ አራት አሥርዮሽ የደረሰው ይህ ቁጥር ለዓመታት ተጠቀሰ፤ ተሠለጠነበት። በ2013 ብራውን፣ የፊዚክስ ሊቁ አላን ሶካልና ሃሪስ ፍሪድማን የቀመሩ ሒሳብ ለጉዳዩ ምንም አግባብ እንደሌለው አሳዩ፤ መጽሔቱም የቀመሩን ክፍል ሻረው። ስሕተት በማንኛውም ሳይንስ ይደርሳል። ትኩረት የሚስበው ግን ስሜትን እንዲህ በጥቃቅን አሥርዮሽ የሚለካ ቀመር ለስምንት ዓመታት ያህል ብዙም ሳይጠየቅ መቆየቱ ነው። ሰዎች እውነት እንዲሆን የሚመኙት ነገር ሲሆን ምርመራው ይላላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚመዝነው፣ ስሜቶችን በጎና ክፉ ብሎ መክፈሉ ራሱ ነው። ዘርፉ አባቴ የሚለው አርስቶትል እንዲህ አላስተማረም። በእርሱ አስተምህሮ ጥሩ ሰው ማለት ሁልጊዜ የሚደሰት ሳይሆን፣ በተገቢው ጊዜ፣ በተገቢው ነገርና በተገቢው መጠን የሚቆጣ፣ የሚፈራና የሚያዝን ነው። ይህንንም የሚወስንለት ተግባራዊ ማስተዋል ነው። ክሪስትያን ክሪስትያንሶን በ2013 ዘርፉን በፍልስፍና ዓይን በመረመሩበት መጽሐፋቸው ካነሷቸው ጉድለቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ምግባራቱ ተዘርዝረዋል፣ አንዱ ከሌላው ሲጋጭ የሚዳኘው ማስተዋል ግን ቦታ አላገኘም። ለሟች ቤተሰብ እውነቱን መናገርና ልባቸውን መጠበቅ ሲጋጩ፣ ባለሙያውን የሚረዳው ጥንካሬዎቹን መቁጠሩ ሳይሆን ማመዛዘኑ ነው። አርስቶትል በተጨማሪ ጤና፣ ወዳጅና መጠነኛ ሀብት ለመልካም ሕይወት እንደሚያስፈልጉ፣ በመንኰራኵር ላይ እየተሠቃየ ያለ ሰው ጥሩ ሰው እስከሆነ ድረስ ደስተኛ ነው ማለትም ከንቱ ንግግር መሆኑን ጽፏል። የውጭውን ሁኔታ ወደ 10 በመቶ ያወረደው ሥዕል ከዚህ አስተምህሮ ርቋል።

ለሐዘን ተገቢ ቦታ መስጠት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ለቅሶ ቤት የሚመጣ ጎረቤት ሐዘንተኛው ነገሩን በበጎ ጎኑ እንዲያየው አያስገድደውም። አብሮት ይቀመጣል፤ ያለቅሳል፤ እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ምግብ ይመጣል። ማጽናናቱም «በቃ፣ እንግዲህ ቻለው» የሚባልበት ጊዜ አለው፤ ጊዜው የሚመጣው ግን እንባው ከፈሰሰ በኋላ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሐዘን የአንድ ሰው የስሜት ጉድለት ሳይሆን የብዙዎች ሸክም ነው።

የጤና ባለሙያው ራሱ

ጉዳዩ ሕሙማንን ብቻ አይመለከትም። በ2009 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በዘርፉ ሊቃውንት ዕርዳታ የወታደሮችን የመንፈስ ጽናት ለመገንባት ሰፊ ሥልጠና ጀመረ። ተቺዎች እንዳሉት፣ ሥልጠናው ወታደሩ ጦርነትን እንዴት እንደሚቋቋም ሲጠይቅ፣ ወታደሩን የሚጎዳው ምን እንደሆነ መጠየቅን ወደ ጎን ትቶታል። በጤና ተቋማትም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ሌሊቱን ብቻዋን ከአቅሟ በላይ የሆኑ ሕሙማንን ስትጠብቅ ያደረች ነርስ፣ ጓንትና መድኃኒት በጠፋበት ክፍል የምትሠራ አዋላጅ፣ የተሰጣት መፍትሔ የጽናት ሥልጠናና የምስጋና ማስታወሻ መጻፍ ከሆነ፣ የተቋሙ ጉድለት የእርሷ የባሕርይ ጉድለት ሆኖ ተተርጕሟል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአሥራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ በሥራ ምክንያት የሚመጣን መዛል የገለጸው እንደ ግለሰብ በሽታ ሳይሆን፣ በአግባቡ ካልተያዘ የቆየ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ የሥራ ሁኔታ ክስተት አድርጎ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ማጠቃለያ

በዘርፉ ውስጥም ሒሱን የሰሙ አሉ። ከ2010ዎቹ ወዲህ «ሁለተኛው ማዕበል» የተባሉት ሊቃውንት ሥቃይና ሐዘን በመልካም ሕይወት ውስጥ ቦታ እንዳላቸው እየጻፉ ነው። የምስጋና ማስታወሻ መጻፍና የመሳሰሉት ልምምዶች ለአንዳንድ ሰዎች መጠነኛ ጥቅም እንደሚሰጡ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ከ2019 በፊት ከተነገረው ግን ጥቅሙ በእጅጉ ያነሰ መሆኑን በዚያው ዓመት የታተመ የጥናቶች ድጋሚ ትንተና አመልክቷል። መጠነኛ ጥቅም ያለውን ነገር በመጠኑ መጠቀም ነውር የለውም። ነውሩ መጠነኛውን መሣሪያ ፈውስ ብሎ መጥራትና ያልተፈወሰውን መውቀስ ነው።

ተስፋና የደስታ ግዴታ አንድ አይደሉም። ተስፋ እውነቱን ሰምቶም ሊኖር ይችላል። መዳን የማይቻል ሲሆን ወደ ሕመም ማስታገሻ፣ ከቤተሰብ ጋር ወደ መታረቅ፣ በሰላም ወደ ማረፍ ይዞራል። የደስታ ግዴታ ግን እውነቱ እንዳይነገር ይከለክላል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ሕመምተኛውን ለመምከር ነው። ነገር ግን ሕመምተኛው ሕመሙን የሚደብቀው ፈገግታ ብቻ በሚቀበል ፊት ሲቀርብም ነው። የሕክምና ክፍሉ በር ላይ «ተመስገን» የሚሉት እናት ምስጋናቸው ይከበርላቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን «ታዲያ ምን ሆነው መጡ?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ እንዳይቀርባቸው። የሕክምና ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ነው።